የአንድ ቀን ሙሴ

የጽዋ ማኅበር አለቃ ሊቀ መንበር አይባልም፤ ሙሴ ነው የሚባለው። ስሙ ከበድ ይላል። ባሕር መክፈል፣ ሕዝብ ማሻገር፣ የሚያጉረመርመውን መቻል፣ መጨረሻ ላይ የተስፋይቱን ምድር ከሩቅ አይቶ መቅረት ያለበት ሰው ነው። በለንደኑ ማኅበራችን ግን የሙሴ ሥራ ያን ያህል አልነበረም፤ ስልክ ይደውላል፣ የቀሩትን ይወቅሳል፣ ድግሱ ያለበትን ቤት አድራሻ ይናገራል፣ አለቀ። እኔ ሹመቱን የያዝኩት ለአንድ ቀን ነው። እሱም ሙሉ ቀን አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት።

ጊዜው የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። “ሰሞን” ያልኩት አውቄ ነው። በሰው አገር ሚካኤልም ቅዳሜን ይጠብቃል። ድግሱ ፊንችሊ የምትኖር አንዲት ነርስ ቤት ነበር። እውነተኛው ሙሴ እግራቸውን ሪህ ይዟቸው ከአልጋ መውረድ አቃታቸውና፣ አክስቴ በስልክ ላይ “ዶክተር ይምራን እንጂ!” አለች። ዶክተር የተባልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዶክተር አልነበርኩም፤ የማያልቅ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ ግን ማዕረጉን የሰጠችኝ ገና ከአውሮፕላን የወረድኩ ዕለት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ቢዘገይ ጥፋቱ የዩኒቨርሲቲው ነው።

ምን እንደማጠና ሲጠይቋት ደግሞ “የሕዝብ አመራር” ትላለች። አንድ ቀን አስቀምጬ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። “እትዬ፣ ሴሎች አብረው ሲሰደዱ ለምን እንደማይበታተኑ በሒሳብ እሞክራለሁ” አልኳት። አሰበች አሰበችና፣ “ታዲያ ይሄ የሕዝብ አመራር አይደለም?” አለች። መልስ አጣሁ።

አሁን ሳስበው ብዙም አልሳተችም። ፅንስ ገና ፅንስ መሆኑ በዓይን በማይለይበት ዕድሜው፣ በጀርባው በኩል፣ ኋላ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ከሚሆነው ቱቦ አናት ላይ ተነሥተው የሚሰደዱ ሴሎች አሉ። ኒዩራል ክረስት ይሏቸዋል። ዊልሄልም ሂስ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1868 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የጫጩት ፅንስ ሲመረምር ነው ያገኛቸው። እኔ ለራሴ የነርቭ ቁንጮ እላቸዋለሁ፤ የተቀመጡበት ቦታ የልጅ ቁንጮ የሚተውበትን አናት ያስታውሰኛል። ከዚያ ተነሥተው ሩቅ ይሄዳሉ። ገሚሶቹ የፊትና የመንጋጋ አጥንት ይሆናሉ፣ ገሚሶቹ ለቆዳችን ቀለሙን ይሰጡታል፣ ገሚሶቹ አንጀት ውስጥ ገብተው ነርቭ ይዘረጋሉ። ካርታ የላቸውም። ገመድም አላሰራቸውም፤ እንደ ቆዳ ሴል ጥብቅ ብለው የተጣበቁ አይደሉም፤ ላላ ብለው፣ እየተነካኩና እየተላቀቁ ነው የሚሄዱት። ግን አይበታተኑም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። እነዚህ ሴሎች ሲነካኩ ይሸሻሉ። ማይክል አበርክሮምቢና ጆአን ሄይስማን በ1953 እና በ1954 ባወጧቸው ጽሑፎች የጫጩት ልብ ሴሎችን በብልቃጥ አሳድገው ሲመለከቱ፣ አንዱ ሴል ሌላውን ሲነካ ባለበት ይቆማል፣ የዘረጋውን እግር መሳይ ይሰበስባል፣ ከዚያም ፊቱን አዙሮ በሌላ በኩል ይሄዳል። በጠባብ መንገድ ላይ አበዳሪውን ያየ ሰው በሉት። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2008፣ የሮቤርቶ ማዮር ቡድን በእንቁራሪት ፅንስ ውስጥ የነርቭ ቁንጮ ሴሎችም ይህንኑ እንደሚያደርጉ አሳየ። መሀል ያለው ሴል በአራቱም ማዕዘን ተከቧል፤ እግሩን የሚዘረጋበት የለውም። ዳር ያለው ግን ወደ ውጪ ባዶ ቦታ አለው፤ ስለዚህ ወደ ውጪ ይገፋል። ጥሩ። ግን ሁሉም ከሁሉም የሚሸሽ ከሆነ እስከ ማታ አንድም ሁለት ሆኖ የሚገኝ ሊኖር አይገባም።

መልሱ በ2011 ከዚያው ቡድን መጣ። እያንዳንዱ ሴል ሲ3ኤ የምትባል ትንሽ ፕሮቲን ወደ ውጪ ይረጫል፤ እያንዳንዱም የእሷን ተቀባይ ገላው ላይ ተሸክሟል። ተነጥሎ የሄደ ሴል ሽታዋ ከወፈረበት፣ ማለትም ጓደኞቹ ካሉበት፣ ይመለሳል። ሲነካኩ ይገፋፋሉ፣ ሲራራቁ ይጠራራሉ። የሚገርመው ሲ3ኤ አዲስ ግኝት አልነበረችም፤ ሐኪሞች ከበሽታ መከላከያ ሠራዊታችን መሀል ቀድመው ያውቋት ነበር። ለካ በፅንስ ዘመን ሌላ ሥራ ነበራት።

እንግዲህ የእኔ ሥራ ይህን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ነበር። እያንዳንዱ ሴል አንዲት ነጥብ ነው። በየደቂቃው አራት ነገር ይደመርለታል፤ ቀድሞ ይሄድበት የነበረው አቅጣጫ፣ ከነካው ጎረቤት የሚሸሽበት፣ የሲ3ኤ ጥሪ የሚስብበት፣ እና ጥቂት ስካር። ስካሩ የግድ ነው፤ ሴል ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጥሪውን ዜሮ ሳደርገው ነጥቦቼ እንደ ተበተነ ጤፍ ወደ ስክሪኑ አራት ማዕዘን ይነጉዳሉ። ጥሪውን ሳበዛው ደግሞ እንደ ጭብጦ ተጠቅልለው፣ አንዱ የሌላውን ብብት ሲያሸት፣ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። በሁለቱ መሀል አንዲት ቀጭን ክልል አለች፤ እዚያ ውስጥ ከወደቅህ መንጋው ይጓዛል። ይህን ያየሁት ግን በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ለሦስት ወር አልወደቅኩባትም። ጥሪውን በጨመርኩ ቁጥር ጭራሽ ይባስ መበታተን ሆነ። አማካሪዬ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና በትሕትና፣ “ሴሎችህ ተጣልተዋል?” አለኝ። መደመር ባለበት መቀነስ አስገብቼ ኖሯል። ለሦስት ወር ሙሉ ሴሎቼ በተጠራሩ ቁጥር ይሸሻሉ።

ማኅበሩን ልመራ የወጣሁት ይህን ስሕተት ባገኘሁ በአምስተኛው ቀን ነው። በራሴ ተማምኜ ነበር።

የመገናኛ ቦታችን ኪንግስ ክሮስ የምድር ባቡር ጣቢያ ነበር፤ ከደቡብም ከምሥራቅም የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። እኔን ጨምሮ አሥራ ሁለት ነን። አክስቴ አለች፣ እንደ ልማዷ ገበታ የሚያህል ድፎ ዳቦ ታቅፋለች። ጡረታ የወጡ ሻምበል አሉ፤ የዶሮ ወጡን ድስት “የሴት ጉልበት አይችለውም” ብለው ከአክስቴ እጅ ቀምተው ይዘዋል። ሁለት እማማዎች አሉ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ። ሁላችንም “አባባ” የምንላቸው ሽማግሌ አሉ፣ ከዘራና ካፖርት። ሌሎቹም ነጠላቸውን ከካፖርት በላይ ጣል አድርገዋል። የጠዋት ብርድ፣ የዳቦና የበርበሬ ሽታ፣ እኛን አይቶ የሚያልፍ ፈረንጅ። እኔ አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ ቆሜ ንግግር አደረግሁ፦

“ሁላችሁም እኔን ብቻ ተመልከቱ። ሌላ ሰው አትመልከቱ። እኔ ስገባ ግቡ፣ እኔ ስወርድ ውረዱ።”

ሻምበል ብቻ “ትእዛዝ ማለት እንዲህ ነው” አሉ። አክስቴ ግን፣ “ዶክተር፣ ጉልበት ያለውም የሌለውም አለ፤ እንዳትፈጥን” አለችኝ። አልሰማኋትም።

ለንደንን ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። ኖርዘርን ላይን የሚባለው የባቡር መስመር ካምደን ታውን ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ እግር ወደ ኤጅዌር፣ ሌላው ወደ ሃይ ባርኔት ይሄዳል፤ ፊንችሊ ያለው በሃይ ባርኔት በኩል ነው። ኪንግስ ክሮስ ላይ ግን ሁለቱም ባቡሮች የሚመጡት አንድ መቆሚያ ላይ ነው። ቀለማቸውም ድምፃቸውም አንድ ነው፤ የሚለያቸው ግንባራቸው ላይና ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት አንዱ ደረሰ። የኤጅዌሩ ነበር።

“ባቡር መጣ!” አሉ ሻምበል፣ ድስቱን ወደ ፊት አድርገው ገቡ። እማማዎቹ ተከተሏቸው። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ጋሼም ተከተሉ።

“ጋሽ ሻምበል፣ ይሄ አይደለም! ይውረዱ!” ብዬ ላወጣቸው ዘልዬ ገባሁ።

በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። በመስኮቱ አክስቴንና ስድስት ነጫጭ ነጠላዎችን አየኋቸው፤ እኔን ብቻ እንዲመለከቱ ስላዘዝኳቸው ሁሉም እኔን ብቻ እየተመለከቱ ነበር። ስልክ ደግሞ ያን ጊዜ ምድር ውስጥ አይሠራም።

ካምደን ታውን ቅዳሜ ቀን ገበያ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። “እዚህ እንወርዳለን!” ብዬ ጮኽኩ። እማማዎቹ እጄን ይዘው ወረዱ። ሻምበል ግን ድስቱን ከግፊያ ለማዳን ሠረገላው ጥግ ድረስ ገብተው ነበር፤ ባለ ባርኔጣው አጠገባቸው ናቸው። በሩ እንደገና ተዘጋ። ሰው ሲነካቸው ወደ ውስጥ የሚሸሹ ሴል እንኳ በፕሮግራሜ አልነበረኝም።

እማማዎቹን የሃይ ባርኔቱ መቆሚያ ላይ አስቀምጬ “እንዳትነቃነቁ” አልኳቸውና፣ ለአክስቴ ቡድን ወደ ኪንግስ ክሮስ ተመለስኩ።

አክስቴ የለችም። ስድስቱም የሉም፤ አይ፣ አምስቱ የሉም። ስድስተኛው አባባ ናቸው፤ መጀመሪያ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ያንቀላፋሉ።

አሁን ካርል ፒርሰንን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1905 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ አንድ ሰው ጥቂት ተራምዶ፣ በፈለገው አቅጣጫ ዞሮ፣ ደግሞ ያንኑ ያህል እየተራመደ ቢሄድ፣ ከብዙ እርምጃ በኋላ የት ይገኛል? መልሱ ሎርድ ሬይሊ ዘንድ ቀድሞ ነበረ። ፒርሰን ሲያጠቃልለው፣ በእግሩ መቆም የቻለን ሰካራም ስትፈልግ መጀመሪያ ከተነሣበት አካባቢ ፈልገው አለ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ እንዲህ የሚንከራተት ሰው አራት እጥፍ ጊዜ ብትሰጠው በአማካይ የሚርቀው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ለዘጠኝ እጥፍ ጊዜ፣ ሦስት እጥፍ። አባባ ሰካራም አይደሉም፣ ጠላም አይቀምሱም። ግን የፒርሰን ሕግ የሠራልኝ በእሳቸው ላይ ብቻ ነው።

ፒርሰን ይህን ሲጽፍ የሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ነበር፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበር በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የአበርክሮምቢና የሄይስማን የጫጩት ልቦችም እዚያው ግቢ ነበሩ። የማዮርም ቤተ ሙከራ እዚያው ነው። ስለ መበታተንና አለመበታተን ይህን ያህል የታሰበበት ሰፈር ውስጥ ነው አሥራ አንድ ሰው ይዤ መሄድ ያልቻልኩት።

“አባባ፣ ሌሎቹስ?” አልኳቸው።

“ሄዱ።”

“እርስዎስ?”

“ሙሴ ሳይመጣ አልነቃነቅም አልኩ።”

ይዣቸው ወደ ካምደን ስመለስ እማማዎቹም የሉም። እዚያ መቆሚያ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ሁለት የሰማንያ ዓመት ሴቶች ምድር ውስጥ ጠፉብኝ ብሎ ለማን ይነገራል? ምናልባት ወጥተው ይሆናል ብዬ ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። አባባ ከታች ቆመው፣ “አንተም እንዳትጠፋ” ይሉኛል።

ፊንችሊ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። በሩ ሳይከፈት ሳቅ ይሰማል። ሁሉም እዚያ ናቸው። አክስቴ፣ አምስቱ፣ እማማዎቹ፣ ባለ ባርኔጣው፣ ሻምበልም ጭምር። ጸሎቱ ደርሷል፣ ጽዋው ዞሯል። “ሙሴ ከነዓን ገባ!” ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ከመጽሐፉ ጋር እንደማይስማማ ማንም አላረመውም።

የአክስቴን መንገድ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ በባቡር ከተወሰድኩ በኋላ የሚመለከቱት ስላጡ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የአክስቴ እንግሊዝኛ በዚያ ቀን አንድ ቃል ነበረች፤ “ፊንችሊ?” ላገኘችው ሁሉ አለች። አንዱ የባቡር ሠራተኛ እጁን ወደ ሰሌዳው ዘረጋ። ስትገባ ዳቦውን ከፍ አደረገችው፣ ከኋላ ያሉት ዳቦውን አይተው ገቡ፣ የመጨረሻዋ ስትቀር ከፊቷ ያለችው ነጠላዋን ይዛ ጎተተቻት። አባባን ብዙ ለምነዋቸዋል። ካምደን ላይ በሩ ሲከፈት እማማዎቹን ያየቻቸው አክስቴ አይደለችም፤ እማማዎቹ ናቸው ነጭ አይተው፣ የዳቦ ሽታ አሽትተው ዘው ያሉት። ማንም መንገዱን አያውቅም ነበር። ሻምበልና ባለ ባርኔጣው ደግሞ መድረሻቸው በኤች እንደሚጀምር አስታውሰው በኤች የሚጀምር ጣቢያ ሲያዩ ወረዱ። ሃምስቴድ ነበር፤ ከከተማው ጣቢያዎች ሁሉ ወደ ምድር የጠለቀው፣ ወደ 58 ሜትር ገደማ። ከዚያ ጉድጓድ ወጥተው ታክሲ ያዙ።

ለካ ያ ጠዋት ያደረግኩት ንግግር የሦስት ወሩ የመቀነስ ምልክት ነበር። “ሌላ ሰው አትመልከቱ” ብዬ መጠራራታቸውን ቆርጬ፣ ራሴን ብቻ ምሰሶ አድርጌ ተከልኩ። ምሰሶው በባቡር ሄደ።

ሳይንቲስቶቹም ሙሴ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለውን አልጨረሱትም። እኔ ለሁለት እከፍላቸዋለሁ፤ የእንቁራሪት ሰዎችና የዶሮ ሰዎች። የእንቁራሪቶቹ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ሁሉም እኩል ሆኖ መገፋፋትና መጠራራት ብቻ መንጋውን ይዞት ይሄዳል ባዮች ናቸው። የዶሮዎቹ፣ ካንሳስ ሲቲ ያለው ፖል ኩሌሳና ኦክስፎርድ ያሉት እነ ፊሊፕ ማይኒ፣ በ2012 የጫጩት ፅንስ ሴሎችን በሞዴል ሲሠሩ፣ ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ጠባይ ካለው ጉዞው አልሰምር አላቸው። ፊት ያሉት በመንገዱ ያለውን ሳቢ ኬሚካል እያሸተቱና እየበሉ ይሄዳሉ፤ ኋላ ለሚመጣው የሚሸተት አይተርፍለትም፤ ስለዚህ ኋለኛው የፊተኛውን ተረከዝ መከተል አለበት። ግን የዶሮዎቹም ሙሴ ሲወለድ ሙሴ ሆኖ አይደለም፤ ቦታ ሲቀያየሩ ጠባያቸውም ይቀየራል። ይህን ሳስብ አክስቴና ዳቦዋ ይመጡብኛል። በደረጃ ላይ ቆሞ ንግግር ያደረገ ሴል ግን በሁለቱም ወገን ጽሑፍ አላነበብኩም።

ቁጭ ብለን ሳለ ይህን ሁሉ ለማኅበሩ አወራሁ፤ በከፊል ሰበብ ፍለጋ ነው። ሻምበል በጥሞና ሰሙኝና፣ “ሁሉም የሚጠራሩ ከሆነ፣ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቀው ማነው?” አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ነገሩ ገና በ2016 ነው ደህና ሆኖ የታተመው፤ እዚያው የማዮር ቡድን፣ ቨርሲካን የሚባለው ነገር መንገዱን ግራና ቀኝ አጥሮ ሴሎቹን እንደሚያጠጋጋ በሙከራም በሞዴልም አሳየ። ሴሎቹ የማይወዱት፣ የማይረግጡት ነገር ነው፤ ቀድሞ እንቅፋት ብቻ ይመስል ነበር። እንቅፋት በሁለት በኩል ሲሆን ኮሪደር ይሆናል። ያን ቀን ግን ይህን ስላላወቅኩ፣ “እሱን ገና እያጠናሁ ነው ጋሽ ሻምበል” አልኩ።

“ይሁን። ጥቅሙስ?” አሉ ባለ ባርኔጣው።

ከእኔ በፊት ነርሷ መለሰች። ከቡና ረከቦቱ ቀና ሳትል፣ “ሲወለዱ አንጀታቸው የማይሠራ ሕፃናት አሉ፤ እናውቃቸዋለን” አለች። ሂርሽስፕሩንግ ስለሚባለው በሽታ ነው የምታወራው። ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ የተባለ የዴንማርክ የሕፃናት ሐኪም በ1886 ያቀረበው ነው፤ ከ5,000 ሕፃናት አንዱን ገደማ ያገኘዋል። የነርቭ ቁንጮ ሴሎች ከአንገት አካባቢ ተነሥተው አንጀቱን ከላይ እስከ ታች ማዳረስ አለባቸው። ጫፉ ጋ ሳይደርሱ ከቀሩ ያ ያልደረሱበት ክፍል ነርቭ የለውም፤ አይጨመቅም፣ ምግብም አያሳልፍም፤ ልጁ በቀዶ ጥገና ነው የሚድነው። ይህን ጉዞ ሜልቦርን ያሉ የሒሳብ ሰዎች ሞዴል ሠርተውለታል። መንጋው ወደ ፊት የሚገፋው ፊተኞቹ ባዶ ቦታ ላይ እየተባዙ ነው፤ ቁጥሩ ካነሰ ጉዞው አንጀቱ ሳያልቅ ይቆማል። ሒሳቡ በ1937 ሮናልድ ፊሸር ከጻፈው ቀመር የሚወለድ ነው፤ በእሱ ቀመር የሚባዛ መንጋ እንደ ፒርሰን ሰካራም አይደለም፤ እጥፍ ጊዜ ከሰጠኸው እጥፍ መንገድ ይሄዳል። (ፊሸርም ያን ጊዜ እዚያው ግቢ ነበር። ዝም ብዬ ነው የምቆጥራቸው።)

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ እማማ፣ “ሚካኤል ይድረስላቸው” አሉ። ከዚያ ነርሷ ምሳ እናቅርብ አለች፣ ያን ጊዜ ነው ሁሉም ወደ ሻምበል የዞረው።

ሻምበል ባዶ እጃቸውን ተመለከቱ። የዶሮ ወጡ ድስት ከሃምስቴድ አልፎ ወደ ኤጅዌር ሄዷል።

በሚካኤል ቀን ሽሮ በላን። አክስቴ ምንም አላለችም፤ አክስቴ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው። ሰኞ ጠዋት ስምንት ሰዓት በፈረንጆቹ ደወለችና ድስቱ የእናቷ እንደነበር፣ ከአዲስ አበባ በእጅ ሻንጣ እንደመጣ ነገረችኝ። የምድር ባቡር የጠፋ ዕቃ የሚሰበሰብበት ቢሮ ያን ጊዜ ቤከር ስትሪት ነበር። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ሄድኩ። የጃንጥላ ጫካ አለፍኩ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የልጅ ጫማ፤ አንድ አንድ ብቻ የሆኑ ዕቃዎች። ሠራተኛዋ ቅጹን አንብባ፣ ከመደርደሪያው ድስቱን ይዛ መጣች። ታጥቧል፣ ያበራል፤ ግን የበርበሬው ጠረን ገና አልለቀቀም።

ከመንገድ ደወልኩላት።

“እትዬ፣ ድስቱ ተገኘ!”

ዝም አለች። ከዚያ፣

“ክዳኑስ?”